ግዌንሊያን ሁለት ናቸው፦ ስለ ዌልስ ልዕልቶች ከጎንደር

ጎንደር ላይ የእቴጌ ምንትዋብን ስም ከመረሳት የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት የበዓል ቀን ነው። ኅዳር 6 ቁስቋም ስትነግሥ ሕዝቡ ሽቅብ ይወጣል። ደብሯን የተከሉት እቴጌይቱ ናቸው፤ አፅማቸውም ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር እዚያው ስለሆነ ስማቸው አብሮ ይነሣል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ደብሯም ተጎዳች፤ ግን እንደገና ተሠርታ ዛሬም ይቀደስባታል።

የመካከለኛው ዘመን የዌልስ ልዕልቶች ያጡት ይህንኑ ነው። ለነፍሳቸው ጸሎት ይደርስባቸው የነበሩት ገዳማት በእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ ከ1536 ጀምሮ ተዘጉ (ከዚህ ወዲያ ዓመቱን በፈረንጅ እቆጥራለሁ)። የጆአንን ነገር እንይ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ልጅ፣ የዌልሱ ገዢ የታላቁ ሉዌሊን ሚስት ነበረች። በ1237 ስታርፍ ባሏ ላንቫይስ በሚባል ቦታ በስሟ የፍራንሲስካውያን ገዳም አቆመላት። ገዳሙ ሲፈርስ የእሷ ነው የሚባለው የድንጋይ ሣጥን የፈረስ ማጠጫ ገንዳ ሆነ! የሴት ምስል የተቀረጸበት ክዳኑ ዛሬ ቦማሪስ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ግዌንሊያን በተባሉት ሁለት የዌልስ ልዕልቶች ላይ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ የአንዷ ጀግንነት ለሌላዋ ሲሰጥ ይታያል፤ በመካከላቸው ግን ከመቶ ዓመት በላይ አለ።

የፊተኛይቱ የሰሜን ዌልስ ንጉሥ የግሪፊድ ልጅ ናት። በ1136 ባሏ ከአባቷ ጦር ሊለምን ወደ ሰሜን በሄደበት፣ ራሷ ሠራዊት መርታ ደቡብ ዌልስ ኪድዌሊ ላይ ያኔ እንግሊዝን ይገዙ ከነበሩት ከኖርማኖች ጋር ገጠመች፤ ተሸንፋም እዚያው ተገደለች። ከኪድዌሊ ምሽግ አቅራቢያ ያለው ሜዳ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ከልጆቿ አንዱ፣ ሪስ፣ በኋላ የደቡብ ዌልስ ኃያል ገዢ ሆኗል።

የኋለኛይቱ ሰይፍ ጨብጣ አታውቅም። በሰኔ 1282 ስትወለድ እናቷ በወሊድ ሞተች፤ አባቷ፣ የዌልስ ገዢ የነበረው የመጨረሻው ሉዌሊን፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተገደለ። ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ ለሰኔው 8፣ ለታኅሣሡ 7 ይቀነሳል። ስለዚህ ልደቷ 1274፣ የአባቷ ሞት 1275 ዓ.ም. ይሆናል እንጂ ሁለቱም በአንድ ዓመት አይገቡም።

የጎንደር ነገሥታት ወንድ ዘመዶቻቸውን ወህኒ አምባ ያግዙ እንደነበረ ሁሉ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድም ይህችን ሕፃን አልጋ የሚጠይቅ ልጅ እንዳትወልድ ብሎ እንግሊዝ አገር ሴምፕሪንግሃም ገዳም አስገባት። በ1337 እስክትሞት፣ 54 ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ አልወጣችም። ዌልስኛ የማያውቁት ጸሐፍት ስሟን እንኳ አበላሽተው ነው የጻፉት። ገዳሙ ስለጠፋ ምልክት ያለው መቃብር የላትም፤ በቦታው ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመላት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በ2009 ደግሞ በሰሜን ዌልስ 926 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ የቀድሞ ስሙ ተለውጦ ካርኔዝ ግዌንሊያን ተባለ። ለዚህ የደከሙት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ስለዚህ ጎንደር የመጣ የዌልስ እንግዳ የግዌንሊያንን ስም ካነሣ፣ ለአስጎብኚ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ የትኛዋ? በስሟ የሚጠራው ሜዳ ከሆነ የ1136ቷ ናት፤ ተራራ ከሆነ የገዳሟ።