መብራት በሚጠፋበት አገር ላፕቶፕ ማስተኛት

ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ሲሄድ ቶሎ ይምጣ ወይ ይደር የሚያውቅ የለም። ሥራዬ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ነው። ግማሽ የደረሰ ሪፖርት፣ የተከፈተ ኤክሴል፣ ብሮውዘር ላይ የተደረደረ ገጽ ይዤ ክዳኑን ዘግቼ መሄድ እፈልጋለሁ። በማግስቱ ስከፍተው ሁሉም እንደተውኩት ሊቆየኝ ይገባል። ይህን በዊንዶውስም በኡቡንቱም (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሲስተም ነው) እስካስተካክል ብዙ ለፍቻለሁ፣ ሌላው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር ልጻፈው።

መጀመሪያ የሁለቱን የማስተኛ መንገዶች፣ የስሊፕንና የሃይበርኔትን፣ ልዩነት እንያዝ። ስሊፕ ላይ ሥራችሁ ያለው ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ነው፣ ራም ደግሞ ኃይል ካጣ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ባትሪው ሲያልቅ ሴቭ ያልተደረገው አብሮ ይሄዳል። ሃይበርኔት ግን ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ይጽፍና ማሽኑን ጨርሶ ያጠፋዋል። መብራት ለቀናት ቢጠፋ ግድ የለውም። ለመነሳት ትንሽ ይዘገያል፣ ዕዳው ይኸው ነው። እንደኛ ላለ ሰው ዋናው ሃይበርኔት ነው እላለሁ፤ ስሊፕ ለሻይ ዕረፍት ይበቃል።

የዊንዶውሱን ችግር ያየሁት ጉዞ ላይ ነው። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ገና ቡሬ ሳንደርስ ቦርሳዬ ይግላል፣ ስደርስ ባትሪው ተሟጦ አገኘዋለሁ። ድሮ ላፕቶፖች ኤስ3 በሚባለው መንገድ ይተኙ ነበር፣ ከራሙ በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል ይጠፋል። አዳዲሶቹ አብዛኞቹ ግን ሞደርን ስታንድባይ ነው ያላቸው፤ ስክሪኑ ጠፍቶ ውስጡ በየጊዜው እየነቃ ኢንተርኔት ይፈትሻል። አንድ ድራይቨር (የማሽኑን አንድ ዕቃ የሚያሠራ ሶፍትዌር) አልተኛም ካለ ማሽኑም አይተኛም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ክፈቱና ፓወርሲኤፍጂ ብላችሁ ስላሽ ኤ ጨምሩበት (powercfg /a)፣ ያሉትን የእንቅልፍ ዓይነቶች ይዘረዝርላችኋል። ስላሽ ስሊፕስተዲ (powercfg /sleepstudy) ካላችሁት ደግሞ እንቅልፍ የነሳው ማን እንደሆነ በሪፖርት ያወጣል። እኔ ጋ የዋይፋዩ ድራይቨር ነበር። ቀየርኩት፣ ተሻለው። በደንብ ያሳረፈኝ ግን ኮንትሮል ፓናል ገብቼ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ማዘዜ ነው። ምርጫው ውስጥ ካጣችሁት ፓወርሲኤፍጂ ስላሽ ኤች ኦን (powercfg /h on) በሉት። ዊንዶውስ 10 ላይ ከራሙ መጠን 40 በመቶ ያህል የዲስክ ቦታ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

ኡቡንቱ ላይ ነው ልፋቱ። ከ12.04 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ ሃይበርኔት ከምናሌው ተነስቷል፤ በብዙ ማሽን ላይ ስለማይታመን። ስለዚህ ራሳችሁ ነው የምታዘጋጁት። ስዋፑ (ሃይበርኔት ሲሆን ራሙ የሚጻፍበት የዲስክ ቦታ) ቢያንስ የራሙን ያህል ይሁን፣ ከዚያ ግራብ (ማሽኑ ሲበራ ኡቡንቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ማሽኑ ሲነሳ ሥራውን ከየት እንደሚያነሳ ሪዚዩም (resume) በሚለው ትጽፉለታላችሁ። ይህን ሁሉ አድርጌም እምቢ አለኝ። ጉዳዩ ሲኪዩር ቡት (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) ነበር፦ እሱ በርቶ ሳለ ከርነሉ (የኡቡንቱ እምብርት) ሃይበርኔትን ይከለክላል። ባዮስ (ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብቼ አጠፋሁትና ሠራ። ማጥፋቱ ጥበቃን ይቀንሳል፣ አስባችሁበት አድርጉት። ደግሞ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፍ ጥበቃ) ካለው አስቀድማችሁ የሪከቨሪ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሲኪዩር ቡት ሲነካ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለ ፋይላችሁ ተዘግቶ ይቀራል።

አሁን ኡቡንቱው መጀመሪያ ስሊፕ ያደርጋል፣ ግማሽ ሰዓት ካልነካሁት ራሱ ተነስቶ ሃይበርኔት ያደርጋል። ሲስተምዲ (የኡቡንቱን ሥራዎች የሚያስጀምርና የሚቆጣጠር ክፍል) ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

ሁለቱን ሲስተም አንድ ላፕቶፕ ላይ ለጫናችሁ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዊንዶውስ ሃይበርኔት ላይ እያለ በኡቡንቱ ገብታችሁ የዊንዶውሱ ክፍል ላይ ምንም አትጻፉ። ዊንዶውስ ሲነሳ ዲስኩ እንደተወው ያለ ነው የሚመስለው፣ ፋይል ይበላሻል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው ፋስት ስታርትአፕም ግማሽ ሃይበርኔት ስለሆነ ሻት ዳውን ብትሉትም ያው ነው። አጥፉት።

ማክ የለኝም፣ የሥራ ባልደረባዬ ግን አላት፣ እሷ ይህን ሁሉ ጣጣ አታውቀውም። የማክ ላፕቶፕ ሲተኛ ራሙን በኃይል ይዞ ያቆያል፣ ቅጂውንም ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ባትሪው ቢያልቅ ከዲስኩ ይነሳል። ሁሉም እንዲህ ቢሠሩት ምን ነበረበት!

ቢሮ ላሉ አንድ ትልቅ ሰውም አስተካክዬላቸዋለሁ። የሳቸው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። «ጋሼ፣ ክዳኑን ከዘጉ በኋላ የላፕቶፑ ትንሿ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቁ፣ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት» አልኳቸው። እየጻፈ ሳለ ባጃጅ ላይ ሲንገጫገጭ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል።

ሳትፈትኑ ግን አትመኑት። ዋጋ የሌለው ፋይል ከፍታችሁ ሃይበርኔት አድርጉ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት የባትሪውን መጠን ካመሻሹ ጋር አስተያዩ። ከርነል ወይም ድራይቨር አፕዴት በተደረገ ቁጥር እኔ እንደገና እፈትናለሁ፣ ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ሲል አይቻለሁና።

አንድ ያልፈታሁት ቀርቷል። ኡቡንቱ ከሃይበርኔት ሲነሳ አልፎ አልፎ የብሉቱዝ ማውሴን አያገኘውም። ብሉቱዙን አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል። ዘላቂ መላ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።