ጥፋቱን ከየት ሆነን አየነው?

የምሠራበት ትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሹመት እንዳይመስላችሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ የተጣለብኝ ሥራ ነው። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ቀን፣ የተፈጸመው ጥፋት፣ የተወሰደው እርምጃ። ሶሲዮሎጂ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ መዝገቡን ስገልጥ ከጥፋቶቹ ይልቅ ስሞቹ ይስቡኛል። እነዚያው ስሞች ይመላለሳሉ። አንዱ ባረፈደ ቁጥር ይጻፋል፤ ሌላው ሲያረፍድ «ዛሬ ምን ገጥሞት ይሆን?» ተብሎ ይታለፋል።

ይህን ሳይ ዊሊያም ቻምብሊስ ትዝ ይለኛል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ቻምብሊስ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሁለት የወንድ ልጆች ቡድኖችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ያየውን በ1973 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) አሳተመ። ስምንቱ የደህና ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ «ቅዱሳኑ» አላቸው። ስድስቱ የዝቅተኛ ኑሮ ልጆች፤ እነሱን «ዱርዬዎቹ»። ቅዱሳኑ ከክፍል ይፎርፋሉ፣ ይጠጣሉ፣ መኪና እንደ እብድ ይነዳሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ መንገድ ሲጠገን ጉድጓዱ ዙሪያ የተቀመጠውን አጥርና ፋኖስ አንስተው ያልጠረጠረ ሾፌር እንዲገባበት ያደርጉ ነበር። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አንዳቸውም አልታሰሩም። ዱርዬዎቹ ግን ከፖሊስ ጋር እንደተያያዙ ነበሩ። የሁለቱ ቡድኖች ጥፋት በብዛቱ ተቀራራቢ ነበር።

ልዩነቱን ያመጣው አንዱ ነገር አንደበት ነው። ቅዱሳኑ ሲያዙ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ዱርዬዎቹ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ሌላው መኪና ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። መኪና ያለው ልጅ ከሚያውቁት ሰዎች ዓይን ርቆ ያጠፋል። መኪና የሌለው መሃል ከተማ፣ ሁሉም በሚያልፍበት ጥግ ቆሞ ይውላል። እኛም ግቢ የመምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት ወደ አንድ ሕንፃ ብቻ ይመለከታል። መዝገቡ ላይ የሚበዙት የየትኛው ሕንፃ ልጆች እንደሆኑ መናገር አያስፈልገኝም።

ሌላው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሃዋርድ ቤከር በ1963 እንዳለው አፈንጋጭነት፣ ማለትም ከማኅበረሰቡ ደንብ መውጣት፣ ድርጊቱ ውስጥ የተቀመጠ ባሕርይ አይደለም፤ ደንብ አውጥተው ለአንዱ ሰው ስም የሚለጥፉት ሌሎች ናቸው። ይህን በግማሽ ነው የምቀበለው። ማንም ምንም ስም ባይሰጠው ጉድጓድ የገባው ሾፌር ያው ይጎዳል። በሙሉ ልቤ የምቀበለው የዚያው ሙያ ሰው ኤድዊን ለመርት በ1951 ያመጣውን ልዩነት ነው፦ መጀመሪያ ሁላችንም አልፎ አልፎ የምንፈጽመው ጥፋት አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ስሙ ከተለጠፈብን በኋላ፣ ስሙን ተቀብለን በእሱ መኖር ስንጀምር የሚመጣው። መዝገቡን ደጋግሞ የፈረመ ልጅ «ስሜን ጻፉት፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲል ስትሰሙት ለመርት ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባችኋል። ስሙ ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም። ከስድስቱ ዱርዬዎች ሁለቱ በስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኮሌጅ ጨርሰዋል፤ ሌሎች ሁለቱ ደግሞ በተለያየ ጊዜ ነፍስ አጥፍተው ወኅኒ ወርደዋል።

የትልልቆቹ ስም እንዴት ከመዝገብ እንደሚቀር ካነሳን የአሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ የኤድዊን ሰዘርላንድ ታሪክ ይበቃል። ሕግ ስለጣሱ 70 ትልልቅ ኩባንያዎች የጻፈው መጽሐፍ በ1949 ሲወጣ አሳታሚው የስም ማጥፋት ክስ ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም ከመጽሐፉ አስወጣ። ስሞቹ ተመልሰው የታተሙት በ1983 ነው፤ ሰዘርላንድ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ። እኛ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ያላስገባ ልጅ ስም በቀይ እስክሪብቶ እንጽፋለን!

የሸሚዙ ነገር እንኳ የራሱ ማብራሪያ አለው። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1895 የእውነተኛ ቅዱሳን ማኅበር ብትፈጥሩ እዚያም ጥፋት አይጠፋም፤ ተራው ሰው ንቆ የሚያልፈው ነገር እነሱ ዘንድ እንደ ወንጀል ይቆጠራል ብሎ ነበር። ድብድብ ሲቀንስልን ሸሚዝ ቆጠራ መግባታችን ይህንኑ ይመስለኛል።

ባለፈው ስብሰባ አምስተኛ ዓምድ ይጨመር አልኩ፦ ጥፋቱን ማን፣ ከየት ሆኖ አየው? ሰብሳቢው መምህራንን መክሰስ ይሆናል አሉ። ከጎኔ የተቀመጠችው የሒሳብ መምህርት ያነሳችው ግን ከበድ ይላል፦ «የጠቆመው ተማሪ ከሆነስ? ስሙ ከተጻፈ ማን ይጠብቀዋል?» እውነቷን ነው። ስለዚህ «ማን» የሚለውን ትቼ «ከየት» የሚለውን ብቻ ይዤ ቀረሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተይዟል፤ ሰብሳቢው እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።