የተገፋው ውሃ የት ይሄዳል?

የሰርቬይ ሥራ የምሠራው አዳማ ዙሪያ ነው። የማወራችሁ ነገር የተፈጠረው ከከተማዋ ዳር፣ የመስኖ ቦይ መንገድ በሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው። ቦዩ ከአዋሽ በፓምፕ የተሳበ ውሃ ይዞ ይመጣል። መንገዱ ጋ ሲደርስ መሬቱ ጎድጎድ ይላል። ውሃው ከፍታውን እንዳይለቅ በኮንክሪት ገንዳ ተደርጎ ከመንገዱ በላይ ያልፋል። ከሥሩ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ አይሱዙ ይመላለሳል። የሰፈሩ ሰው የውሃ ድልድይ ይለዋል።

ገንዳው 2 ሜትር ስፋት፣ 12 ሜትር ርዝመት አለው። በሁለቱም ጫፍ የብረት በር አለ። በዲዛይኑ ውሃው 1 ሜትር ጥልቀት እንዲይዝ ነው የታሰበው። 24 ቶን ውሃ ማለት ነው፣ የኮንክሪቱ ክብደት ሳይቆጠር። ሙሉ ጭነት የያዘ ትልቅ መኪና ሌት ተቀን ከመንገደኛው ራስ በላይ እንደቆመ አስቡት።

ችግሩ የጀመረው በእምቦጭ ነው። ይህ አረም ቆቃ ላይ ከታየ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ወደ ቦዮቹ መግባቱም አልቀረም። ገንዳው ውስጥ ተጠላልፎ ውሃውን ያዘው። ሠራተኞቹ ውሃ ውስጥ ገብተው እንዳይነቅሉት ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን በሽታ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ስለዚህ ፎርማናችን አንድ ነገር ሠሩ። አራት ባዶ በርሜል በአንግል ብረት አሰሩ፣ በላዩ ጣውላ መቱበት። ሁለት ሰው ቆሞ አረሙን በመንጠቆ እየሳበ የሚጭንባት ጀልባ ሆነች።

ኃላፊያችን ጀልባዋን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ድልድዩ ውሃውን ራሱ የተሸከመው በእግዜር ቸርነት ነው። በላዩ ጀልባ ልትጭኑበት?" አሉ።

አዲሱ ኢንጂነራችን ጣልቃ ገባ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሲያስረዳም ሰው አይንቅም። ጀልባ ስትንሳፈፍ የክብደቷን ያህል ውሃ ገፍታ ነው የምትቆመው፤ የተገፋው ውሃ ከድልድዩ ላይ ስለሚወጣ ድልድዩ የሚሸከመው ያው የድሮውን ነው አለ። አርኪሜደስ የተናገረው ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ዌልስ ውስጥ ፖንትከሳልቴ የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተ፣ 307 ሜትር የሚረዝም፣ ከወንዝ በላይ 38 ሜትር ከፍታ ላይ በብረት ገንዳ ጀልባ የሚያሳልፍ። ዛሬም ይሠራል። ኤደንብራ ከተማ ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራ ትንሽ የቦይ ድልድይ አለ፤ ከታች የቀለበት መንገዱ መኪና ይጎርፋል፣ ከላይ ጀልባ ይቀዝፋል። ሆላንድም ፌሉዌሜር የሚባለው ሐይቅ ላይ መኪናው ከታች፣ ጀልባው ከላይ የሚያልፉበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የተከፈተው። እኔ የሆላንዱ ብዙም አልገረመኝም። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ያስጀመረው የእነሱ ኩባንያ ነው። ውሃን በፈለጉበት ማስኬድ ያውቁበታል።

ኃላፊያችን ግን በፎቶ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ኢንጂነሩም አልተናደደም። ባልዲ አስመጣ፣ እስከ አፉ ሞላው። የምሳ ሳህን በላዩ አንሳፈፈ፣ ሳህኑ ውስጥ ድንጋይ ጨመረ። ውሃው ፈሰሰ። "አያችሁ? የፈሰሰው የሳህኑንና የድንጋዩን ያህል ነው። ባልዲው አልከበደም" አለ።

ፎርማናችን እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቦይ ላይ ነው። ባልዲውን አዩት። ከዚያ ግማሹን ደፉትና ሳህኑን መልሰው አንሳፈፉት። ውሃው በባልዲው ግድግዳ ላይ ከፍ አለ። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም።

"ልጄ፣ የተገፋው ውሃ እዚህ የት ሄደ?" አሉት።

ኢንጂነሩ ባልዲውን ትክ ብሎ አየው። "የትም አልሄደም፣ ጋሼ።"

"እኛ የምንሠራው ፓምፑ ሳይነሳ በማለዳ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም በር ዝግ ነው።"

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም። እነ ፖንትከሳልቴ ላይ ውሃው ከረጅም ቦይ ጋር የተገናኘ ነው። ጀልባ ሲገባ የተገፋው ውሃ ወደ ቦዩ ይበተናል፣ ለውጡ አይታይም። የእኛ ገንዳ በሩ ሲዘጋ ግን ባልዲ ነው። ጀልባዋ የምትገፋው ውሃ እዚያው ይቀራል፣ ክብደቷ በሙሉ ድልድዩ ላይ ይወድቃል። አርኪሜደስ ልክ ነው፤ ጋሼም ልክ ናቸው።

ኢንጂነሩ ወዲያው ወረቀት አወጣ። ጀልባዋ ከሁለቱ ሰዎችና ከእርጥቡ አረም ጋር 600 ኪሎ ብትሆን፣ 24 ካሬ ሜትር ላይ ውሃውን 2.5 ሳንቲ ብቻ ነው የምታነሳው። ከ24 ቶን ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። "የታችኛውን በር ትንሽ ከፍተን ብንሠራ ደግሞ እሷም አትኖርም" አለ። ኃላፊያችን መለሳለስ ጀመሩ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ጋሼ ግን ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ያንን ብረት ስጪኝ። ውሃው አሁን ስንት እንደሆነ ልየው።"

ገንዳው ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈ መለኪያ አለ፣ ከወለሉ ጀምሮ የሚቆጥር። 1 ሜትር ከ15 ይላል። ይህ ራሱ ከዲዛይኑ 15 ሳንቲ ይበልጣል። ጋሼ ብረቱን ቀስ አድርገው አወረዱት። 85 ሳንቲ ላይ ቆመ። ትንሽ ሲጫኑት እንደ ቅቤ እየሰጠመ ወረደ፣ ወለሉን ሲነካ ኳ አለ። ሌላ ቦታ ሞከሩ። ያው ነው። ሲያወጡት ጫፉ 30 ሳንቲ ያህል ጥቁር ጭቃ ለብሶ ነበር።

ደለል ነው። ማታ ፓምፑ ሲቆም በሮቹ ይዘጋሉ፣ የቆመው ውሃ ሌሊቱን ጭቃውን ይጥላል። ወለሉ ከፍ ሲል የውሃው መተላለፊያ ይጠባል። ግርጌ ያሉት ገበሬዎች ውሃ አነሰን ብለው ይጮሃሉ። ውሃ አከፋፋዩ ደግሞ የሰው ማሳ እንዳይደርቅ ብሎ የላይኛውን በር ከፍ ያደርጋል። ልቡ ቅን ነው። ግን ከላይ ውሃ፣ ከታች ጭቃ እየተጨመረ መጣ። ከመንገዱ ሆኖ ቀና ለሚል ሰው ምንም አይታይም።

ኢንጂነሩ እንደገና አሰላ። እጁ ሲፈጥን አየሁት። 30 ሳንቲ ደለል በገንዳው ላይ 7.2 ሜትር ኩብ ነው። የራሰ ደለል በሜትር ኩብ 1.7 ቶን ቢመዝን፣ በቦታው ውሃ ቢኖር ከሚመዝነው 5 ቶን ያህል ይበልጣል። ትርፉ 15 ሳንቲ ውሃ ደግሞ 3.6 ቶን። ሲደመር 8.6 ቶን። እኛ ጠዋቱን ሙሉ የተከራከርነው ስለ 600 ኪሎ ነበር።

"ዲዛይኑ መጠባበቂያ አለው። ዛሬ ይወድቃል አልልም" አለ ለኃላፊያችን። "ግን ከመጠባበቂያው ምን ያህሉ እንደቀረ አላውቅም። ሳላውቅ ደግሞ ሰው ከሥሩ ማሳለፍ አልችልም።"

ያን ጊዜ ከመጋጠሚያው የሚንጠባጠበው ውሃ ትዝ አለኝ። ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያንጠባጥባል። የባጃጅ ሹፌሮች ከጠብታው ሥር አቁመው መስታወት ያጥቡበታል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፊታቸውን ይታጠቡበታል። ሁላችንም በየቀኑ እያየነው እናልፍ ነበር።

ጋሼ የኃላፊውን መልስ አልጠበቁም። ሁለት ልጆች ላኩና መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ አስዘጉ። አንድ ባለጋሪ ሽንኩርት ጭኖ ገበያ ሊያደርስ ነበር፣ አልቆምም አለ። ጋሼ ወርደው በኦሮምኛ አነጋገሩት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ሰውየው ቀና ብሎ ድልድዩን አየ፣ ከዚያ ፈረሱን መለሰ። ኃላፊያችንም ሲጨቃጨቁ ይቆያሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ስልካቸውን አንስተው የዚያን ቀን ፓምፑ እንዳይነሳ አዘዙ። ለገበሬዎቹም ራሳቸው ደወሉ። ይህን ስላደረጉ አከብራቸዋለሁ። የውሃ ተራ ማስቀረት እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ውሃውን በአንድ ጊዜ አልለቀቅነውም። የታችኛው በር ትንሽ በትንሽ ተከፈተ፤ እኔም በሌቭል፣ በከፍታ መለኪያ መሣሪያችን፣ የድልድዩን ወገብ እየተከታተልኩ ነበር። ጀልባዋን በገመድ ቀስ አድርገው እንዲያወጧትና ድንገት እንዳያቆሟት ኢንጂነሩ ተናገረ። የኤደንብራው ድልድይ ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከስኮት ራስል ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1834 በዚያው ቦይ ላይ በፈረስ የሚጎተት ጀልባ ድንገት ሲቆም አየ። ከፊቱ አንድ ማዕበል ተነስቶ ብቻውን ጋለበ፤ እሱም በፈረስ ከአንድ ማይል በላይ ተከተለው። ጠባብ ቦይ ውስጥ ውሃ እንዲህ ነው። የእኛው ገንዳ አጭር ቢሆንም ግድግዳው ላይ አላስፈላጊ ግፊት ለምን እንጨምር?

ገንዳው ሲደርቅ ወለሉ ላይ የተኛውን አየነው። ወፍራም፣ የሚሸት፣ ሣር ያበቀለ ጭቃ። ሠራተኞቹ ቦት ጫማና ጓንት አድርገው በአካፋ ዛቁት፤ አውጥተው አውጥተው አያልቅም። ከመጋጠሚያው ውስጥ የነበረው የጎማ መዝጊያ ተቀዶ ነበር። ተለወጠ። ቢሙን ኢንጂነሩ ከሥር ሆኖ በባትሪ ጥግ በጥግ አየው። ስንጥቁን ሁሉ በኖራ ጠመኔ አከበበ፣ አጠገቡ ቀን ጻፈ። ከሰፋ እንዲታወቅ።

መንገዱ የተከፈተው ገንዳው ባዶ ሆኖ ነው። ውሃው የተመለሰው ከዚያ በኋላ፣ በዝግታ፣ ከሥሩ ሰው ሳይኖር። ግድግዳው ላይ 1 ሜትሩ ጋ ቀይ መስመር ተሰምሯል። የጋሼ ብረት በሰንሰለት ታስሮ እዚያው ተንጠልጥሏል። ውሃ አከፋፋዩ ከመለኪያው ቁጥር ጎን የደለሉንም ይመዘግባል። ጀልባዋ የምትገባው የታችኛው በር ከፈት ሲል ብቻ ነው። ኃላፊያችንም ሳይት ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን መዝገብ ሆኗል።

ውሃ አከፋፋዩ ግን ጭንቀት ነበረበት። ከቀዩ መስመር ካላለፍኩ ግርጌ ያሉት ምን ይጠጣሉ ሲል ኢንጂነሩን ጠየቀው። ኢንጂነሩ ወለሉ ስለወረደ ውሃው በቂ መተላለፊያ አግኝቷል፣ ጠብቅ አለው። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የመጨረሻው ማሳ ባለቤት ነበሩ። ቃሪያቸው ውሃ አግኝቷል፤ የሚቀጥለው ተራቸው መቼ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው የደወሉት።