ጌም ለመጫወት የኮምፒውተሬን እምብርት ለምን እሰጣለሁ?

የጌም ዜና የምትከታተሉ ከሆነ አንድ ነገር ሲደጋገም ሳታዩ አትቀሩም። ትልልቆቹ የኦንላይን ተኩስ ጌሞች ገና ሳይከፈቱ ከኮምፒውተራችሁ ብዙ ነገር ይጠይቃሉ። ባትልፊልድ 6 ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ኮድ እንዳይገባ የሚከለክል ቅንብር) ካልበራ አይከፈትም። ኮል ኦፍ ዱቲ ብላክ ኦፕስ 7 ሴኪዩር ቡትም ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ቫሎራንት ደግሞ ከወጣበት ከ2020 ጀምሮ (ዓመቱን በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) ቫንጋርድ ከሚባል አንቲ ቺት (ቺት የሚባሉትን የማጭበርበሪያ ፕሮግራሞች የሚከላከል) ጋር ነው የሚመጣው። ይሄ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሳል፤ ጌሙን ብትከፍቱትም ባትከፍቱትም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም በ2024 ይህንኑ ተከትሏል። ብዙ ሰው «እሺ» የሚለውን ይጫንና ያልፋል። እኔ ግን ይሄ በዝምታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ተራ ፕሮግራሞች፣ ብሮውዘሩም ዎርዱም፣ የየራሳቸው ክልል አላቸው። አንዱ ቢበላሽ እሱ ይዘጋል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ከርነል የሚባለው ግን የዊንዶውስ እምብርት ነው። ሚሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ኪቦርዱን፣ ኔትዎርኩን የሚያዘው እሱ ነው። እዚያ የገባ ኮድ ማየት ከፈለገ የማያየው ነገር የለም፤ ሲሳሳት ደግሞ ኮምፒውተሩን በሙሉ ይዞ ነው የሚወድቀው። «ሌላ አካውንት ከፍቼ ጌሙን እዚያ እጭናለሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይሠራም። አካውንቶቹን አንዱን ከአንዱ የሚለያቸው ራሱ ከርነሉ ነው።

የጌም ኩባንያዎቹ ምክንያት የላቸውም አልልም። ዛሬ ቺት የሚሸጡ ሰዎች በወር ክፍያ የሚያስከፍሉ፣ እንደማንኛውም ነጋዴ ደንበኛ የሚያስተናግዱ ናቸው። ቺቶቹ ራሳቸው ከርነል ውስጥ ይገባሉ። ከከርነል ውጪ የተቀመጠ አንቲ ቺት ደግሞ ከርነል ውስጥ ያለውን ማየት አይችልም። የካውንተር ስትራይክ ባለቤት የቫልቭ አንቲ ቺት፣ ቫክ፣ ከርነል ውስጥ አይገባም፤ የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾች ስለ ቺተር የሚያሰሙትን ምሬት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከግድግዳ ጀርባ የሚያይ ሰው ጋር መጫወት ያበሽቃል። ይሄን አልክድም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለግቢው በር የተቀጠረ ዘበኛ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ፣ የሰነድ ሳጥኑን ቁልፍ፣ የሁሉንም ቁልፍ ይያዝ ሲባል፣ ታማኝነቱ ብቻ አይበቃም። ቢሳሳትስ? ቁልፉን ሌላ ሰው ቢወስድበትስ? ውስጥ ያለው ሠራተኛ ራሱ ክፉ ቢሆንስ? ሦስቱም ደርሰዋል።

በ2013 ኢኤስኢኤ የሚባለው የካውንተር ስትራይክ ውድድር አገልግሎት ሶፍትዌሩ ውስጥ ቢትኮይን የሚያመርት ኮድ ተገኘ። ሰዎች ቺተርን ይከላከልልናል ብለው የጫኑት ፕሮግራም የግራፊክስ ካርዳቸውን ለሌላ ሰው ገንዘብ ሲያሠራ ነበር። ወደ 14,000 ኮምፒውተሮች ተነክተዋል። ኩባንያው ከኒው ጀርሲ ግዛት ጋር በ1 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነገሩን ጨረሰ። ይሄ ከውጪ የመጣ ሃከር ሥራ አይደለም፣ ከቤት የወጣ ነው።

በ2016 ካፕኮም ለስትሪት ፋይተር 5 ቺት መከላከያ ብሎ አንድ ድራይቨር (ከርነል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም) በአፕዴት ላከ። ድራይቨሩ የፕሮሰሰሩን አንድ መከላከያ አጥፍቶ፣ ሌላ ፕሮግራም የሰጠውን ኮድ ከርነል ውስጥ ተቀብሎ የሚያስኬድ ሆኖ ተገኘ። ማንኛውም ፕሮግራም ማለት ነው። ካፕኮም አፕዴቱን ወዲያው መለሰ፤ ድራይቨሩ ግን ኢንተርኔት ላይ ቀረ፣ ሃከሮችም ለዓመታት ተጠቀሙበት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጌንሺን ኢምፓክት ነው። ነሐሴ 2022 ላይ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ያወጣው ዘገባ፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የሚያሰራጩ ሰዎች የዚህን ጌም አንቲ ቺት ድራይቨር ተጠቅመው አንቲቫይረስ ሲያጠፉ መገኘታቸውን ገለጸ። ድራይቨሩ ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ ስላለው ዊንዶውስ አምኖ ያስገባዋል። እሱ ከገባ በኋላ አንቲቫይረሱን በከርነል ሥልጣን ይዘጉታል፣ ከዚያ ፋይሎቹን ይቆልፋሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ተጠቂው ጌሙን መጫኑ አያስፈልግም ነበር። አጥቂዎቹ ድራይቨሩን ራሳቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ጌም ተጫውቶ የማያውቅ የሆስፒታል ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር፣ ለጌም ተብሎ በተሠራ መሣሪያ ሊጠቃ ይችላል ማለት ነው። እያንዳንዱ አዲስ የከርነል ድራይቨር በዓለም ላይ ላለ ዊንዶውስ ሁሉ አንድ ተጨማሪ በር ነው።

ስህተት ሲፈጠር ምን እንደሚመስል ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) ሁላችንም አይተናል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ከርነል ውስጥ ለሚሠራው ሶፍትዌሩ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣላቸው። አውሮፕላን ተሰረዘ፣ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰረዘ፣ ባንክ ቆመ። ፋይሉን አንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር የመለሱት፤ የወደቀውን ኮምፒውተር ለማንሳት ግን ሰው እያንዳንዱ ጋ እየሄደ በእጁ መሥራት ነበረበት። ይሄ ጥበቃ ሥራው የሆነ ኩባንያ ነው፣ ያውም ብዙ መሐንዲስ ያለው። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት ራሱ የደህንነት ሶፍትዌሮችን ከከርነል ወደ ውጪ ለማውጣት ከኩባንያዎቹ ጋር መሥራት ጀምሯል። አንቲቫይረሱ ከከርነል ይውጣ እየተባለ ባለበት ሰዓት ጌሙ ይግባ መባሉ ለእኔ ጭራሽ አይገባኝም።

«ታዲያ ቺተርን በምን እንያዘው?» ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ጌሙን በሚያስተናግደው የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ። ቫሎራንት ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰርቨሩ ጠላት ሊታይህ ወደሚችልበት ቦታ እስኪጠጋ ድረስ ያለበትን ቦታ ለኮምፒውተርህ አይልክም። ያልተላከን ነገር የትኛውም ቺት ሊያሳይህ አይችልም። ይሄ ሥራ ነው፣ የሰርቨር ወጪም አለው፤ ወጪውን ግን ገንዘብ የሚሰበስበው ኩባንያ መሸከም አለበት እንጂ የእኔ ላፕቶፕ አይደለም። ደግሞም ከርነሉን መያዝ ብቻውን አላዳነም። በሌላ ሃርድዌር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ በኩል ሚሞሪውን አንብቦ ወደ ሁለተኛ ኮምፒውተር የሚልክ ካርድ በገበያ ላይ አለ። ሩጫው እንደቀጠለ ነው፣ እያንዳንዱ ዙር ደግሞ ከእኛ አንድ ነገር ይወስዳል።

በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ የሚጫወቱት ዋጋውን እየከፈሉ ነው። ጂቲኤ ኦንላይን በመስከረም 2024 ባትልአይ የሚባል አንቲ ቺት ሲገባበት ስቲም ዴክ (በሊኑክስ የሚሠራ የእጅ ጌም መጫወቻ) ላይ መሥራት አቆመ። በጥቅምት መጨረሻ ኤፔክስ ሌጀንድስ ሊኑክስን በሙሉ ዘጋ። ሰዎቹ ቺተር አይደሉም። መሣሪያቸውን ገዝተው፣ ጊዜያቸውንም ገንዘባቸውንም አውጥተው ሲጫወቱ የነበሩ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት በአፕዴት ተባረሩ።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። ብዙ ቤት ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የመሥሪያ ቤት ፋይሉም፣ ቴሌግራሙም፣ የቤተሰብ ፎቶውም፣ የታናሽ ወንድም ጌምም እዚያው አንዱ ላይ ነው። «ለጌም የተለየ ኮምፒውተር ያዙ» የሚለው የፈረንጆቹ ምክር ለአብዛኛው ሰው ምክር አይደለም። ላፕቶፑም ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው፣ ዊንዶውስ 11 ከሚጠይቀው በታች የሆነ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) አብቅቷል። ስለዚህ የቆየ ላፕቶፕ ያለው ሰው አንድም አንዳንዶቹን አዲስ ጌሞች መክፈት ላይችል ይችላል፣ አንድም ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ጌም) ይፈልጋል። የክራኩ መመሪያ ደግሞ የመጀመሪያ መስመሩ ሁሌም «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። እባካችሁ አታጥፉ። ክራክ ጌም ውስጥ የሚደበቁት ፓስወርድ የሚሰርቁ ፕሮግራሞች በብሮውዘር የተቀመጠውን ፓስወርድም፣ የተከፈተውን የቴሌግራም ሴሽንም ይዘው ነው የሚሄዱት። ቴሌግራም አካውንታቸው ተወስዶ በስማቸው ብር የተለመነባቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

እና ምን እናድርግ? ተጫወቱ፣ ጌም የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ከመጫናችሁ በፊት ግን አንቲ ቺቱ መቼ እንደሚነሳ አጣሩ። ጌሙ ሲከፈት ተነስቶ ሲዘጋ የሚወርድ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ጀምሮ ከሚቀመጠው በጣም ይሻላል። ቫንጋርድን የመሰለው ጌሙን ከኮምፒውተሩ ስታራግፉት አብሮ ላይጠፋ ይችላል፤ የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ለብቻው ማጥፋት አለባችሁ። ዊንዶውስ 11 ያላችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ኮር አይሶሌሽን የሚለውን ክፈቱና ሜሞሪ ኢንተግሪቲ መብራቱን እዩ። እሱ ሲበራ ማይክሮሶፍት አደገኛ ብሎ የመዘገባቸው ድራይቨሮች እንዳይጫኑ የሚከለክለው ዝርዝርም አብሮ ይሠራል። ከርነል ውስጥ የማይገቡ ጥሩ ጌሞች ደግሞ ሞልተዋል። ብቻውን የሚጫወቱት ጌም አብዛኛውን ጊዜ ይሄን ሁሉ አይጠይቅም። የተኩሱን ኦንላይን ጌም የግድ ከፈለጋችሁ፣ የምትችሉ ኮንሶል ላይ ተጫወቱት፤ እዚያ የመመረቂያ ጽሑፍም የባንክ ፓስወርድም የለም።