ያጨበጨባችሁልኝን ምስክርነት ላርም

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

መጋቢት 2017 ዓ.ም. አንድ እሁድ ጠዋት፣ እዚሁ ጅማ በምናመልክበት ቤት መድረክ ላይ ወጥቼ መስክሬ ነበር። ቡና ነጋዴ ነኝ፤ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ከገበሬ እገዛለሁ። ያን ቀን ያልኩት ይህ ነው፦ «በጥቅምትና በኅዳር የገዛሁትን ጀንፈል እንዳልሸጠው ጌታ በጸሎት ገለጠልኝ፤ አቆየሁት፤ ዋጋው ካሰብኩት በላይ ሆነ፤ ስሙ ይባረክ።» ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ተቀበለኝ። አንድ አገልጋይም ማይኩን ተቀብሎ «የተከፈተ ዓይን ማለት ይህ ነው» አለ።

ያ ምስክርነት እውነት አልነበረም። ትርፉ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ገለጠልኝ ያልኩት ግን ውሸት ነው። በዋሸሁበት አፌ ላርመው፣ ጌታ በእርግጥ ያደረገልኝንም ልናገር ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው።

በ2017 ቡና ይዞ ያላተረፈ ማን ነበር? በሐምሌ 2016 መጨረሻ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 አለፈ። ብራዚልን ድርቅ መታት፤ የዓለም ገበያም በየካቲት ታይቶ የማያውቅ ዋጋ ላይ ወጣ። መጋዘን ውስጥ ቡና ያቆየ ሁሉ አተረፈ፤ የጸለየውም ያልጸለየውም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ግን «ዋጋ ጨመረና አተረፍኩ» ቢሉት ማን ያጨበጭባል?

ለዓመታት «መንፈሳዊ ዓይን ስጠኝ» ብዬ ጾሜያለሁ። ጳውሎስ የኤፌሶን ሰዎች የልባቸው ዓይኖች እንዲበሩ የጸለየውን ጸሎት በቃሌ አጥንቼ እደግመው ነበር። እዚያ ቦታ «ባለ ጠግነት» የሚል ቃል አለ፤ እኔ እሱን ይዤ ቀረሁ። ጸሎቴም ተጨምቆ ሲታይ «ነገ ዋጋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» የሚል ነበር። ጥቅሱን ዛሬ ሳነበው፣ ጳውሎስ እንድናየው የጸለየው የርስቱ ክብር ባለ ጠግነት «በቅዱሳን ዘንድ» ያለ ነው። ሀብቱን ያስቀመጠው ሰዎች ውስጥ ነው። ይህን ቃል መቶ ጊዜ አንብቤ አላየሁትም።

ስለ ሚዛኑ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ገበሬው የለቀመውን ቀይ ቡና ያደርቅና ጀንፈሉን በጆንያ ያመጣል። እኛ እንመዝናለን፤ ከዚያ ላይ ለጆንያው እንቀንሳለን። ባዶ ጆንያ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው። እኔ ሦስት እቀንስ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ «ለእርጥበቱ ነው» እላለሁ፤ ፀሐይ ላይ እንደ ጠጠር የደረቀውንም ቢሆን። በክረምት፣ ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅና የልጆች ደብተር መግዣ ሲቸግር ደግሞ፣ ቡናው ገና ዛፍ ላይ ሳለ በብድር መልክ ግማሽ በማይሞላ ዋጋ እይዘዋለሁ። ይህንን ሁሉ «የገበያው ደንብ ነው» እል ነበር። ምሳሌ 11 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» እንደሚል አውቃለሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የእኔ ሚዛን ግን ትክክለኛ ነበር፤ የሚሰርቀው እስክሪብቶዬ ነው። በዚህ ነበር ኅሊናዬን የማስተኛው።

ባለቤቴ ያን እሁድ አላጨበጨበችም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ያን ቡና በኅዳር ለሸጡልህ ሰዎችስ ለምን አልገለጠላቸውም? የእነሱ ፈጣሪ ሌላ ነው?» አለችኝ። ተቆጣሁ። «ቅናት ነው» ሁሉ አልኳት፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ሌሊት ስትጸልይ ግን እሰማት ነበር። ኤልሳዕ ለሎሌው የጸለየውን ጸሎት ለእኔ ትጸልየዋለች፦ «አቤቱ፥ ያይ ዘንድ ዓይኖቹን፥ እባክህ፥ ግለጥ።» ስምንት ወር ሙሉ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ከሷ ቀድሞ የተከፈተ ይመስለኝ ስለነበር፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር።

ኅዳር 2018፣ ሐሙስ ቀን ነው። የጅማ መርካቶ በሰው ተጨናንቋል፤ መጋዘኔ በር ላይ ጆንያ ተደርድሯል። ከማና ወረዳ የሚመጡ አንድ አዛውንት ሁለት ጆንያ ይዘው ደረሱ። መዘንኩ፤ ስድስት ኪሎ ቀነስኩ፤ ከፈልኩ። ብራቸውን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱ፤ ግን አልሄዱም። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። «ምን ቀረ?» አልኳቸው።

«ያቺ ትንሿ ልጅህ ዳነች?» አሉኝ በኦሮምኛ።

አልገባኝም። «የትኛዋ?»

«አምና በዚህ ጊዜ ስመጣ በሩ ላይ ቆመህ ስታለቅስ አገኘሁህ። ወባ ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች አልከኝ። ከዚያ ወዲህ በሶላቴ ዱዓ ሳደርግላት ነው የከረምኩት። ምን እንደሆነች የሚነግረኝ አላገኘሁም።»

«ድናለች» አልኳቸው። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው፣ ፊታቸው በርቶ ሄዱ።

ማታ የ2017ን መዝገብ አወጣሁ። የዚያን ቀን ገጽ አገኘሁት። «ሽማግሌው፣ ማና፣ 2 ጆንያ፣ ቅናሽ 6» ይላል። ስማቸውን እንኳ አልጻፍኩም። ልጄ ግሉኮስ ተሰክቶላት በተኛችበት ቀን፣ አብሮኝ ካዘነ ሰው ላይ አራት ኪሎ ሰርቄያለሁ። እንባዬን እየጠረግኩ ቀንሼ ጽፌያለሁ።

ከዚህ የባሰ ነገር ትዝ አለኝ። መጋቢት ላይ መድረክ ስወጣ ልጄ ከተነሳች ገና አራት ወር አልሞላትም። ስለ ቡና ዋጋ መሰከርኩ። ስለ ልጄ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ረስቼው ነው፤ በእርግጥ ረስቼው። እኔ አባቷ የረሳሁትን፣ ማና ያለ አንድ ሙስሊም አዛውንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በእግዚአብሔር ፊት ሲያነሱት ነበር።

ያን ሌሊት ሁለተኛ ነገሥትን ምዕራፍ 5ና 6ን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጎን ለጎን መሆናቸውን ከዚያ በፊት ልብ አላልኩም። በምዕራፍ 5 ግያዝ አለ፤ በንዕማን ሰረገላ ኋላ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ይዞ ይመለሳል። በምዕራፍ 6 ሎሌው ተራራው በእሳት ፈረሶችና ሰረገሎች ተሞልቶ ያያል። ጌታቸው አንዱ ኤልሳዕ ነው፤ የሁለቱም ሥራ ማገልገል ነው። ሁለቱም ሰረገላ አይተዋል። ግያዝ ያየው ሰረገላ ውስጥ ያለውን ብር ነው። ደግሞ ንዕማንን አስቡት፤ ከለምጹ ገና መንጻቱ ነው፣ ሥጋው እንደ ትንሽ ብላቴና ሥጋ ሆኗል፣ ግያዝን ሲያይ ከሰረገላው ወርዶ «ሁሉ ደኅና ነውን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ግያዝ ፊቱ የቆመውን ተአምር አላየም። እኔም «ልጅህ ዳነች?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ጆንያ ነው ያየሁት።

ወዲያው ተለወጥኩ ብል ሁለተኛ ውሸት እጨምራለሁ። በማግሥቱም ሦስት ኪሎ ቀንሻለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀንሻለሁ። ከዚያ ሌላ መላ ዘየድኩ፤ አሥራቴን ልጨምር፣ ለቤተ ክርስቲያን የጎደለውን እቃ ልግዛ አልኩ። አንድ ሽማግሌያችንን ሳማክራቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ገንዘቡ የእግዚአብሔር ቤት አይደለም የጎደለው፤ የገበሬው ቤት ነው። ለባለቤቱ መልስ» አሉኝ። በወንጌል ያለው ቀራጩ ዘኬዎስም ለቤተ መቅደስ እሰጣለሁ አላለም።

ነጻ መውጣት ሲባል ብዙዎቻችን መጮህና መውደቅን እንጠብቃለን። እንደዚያ ነጻ የወጡ አሉ፤ አልነቅፍም። እኔ ዘንድ የመጣው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳሎን ወለል ላይ፣ በመዝገብና በሒሳብ መኪና ነው። ባለቤቴ ታነባለች፣ እኔ እደምራለሁ። በሦስት ዓመት 1,140 ጆንያ። በየጆንያው ሁለት ኪሎ፣ 2,280 ኪሎ። በእኛ አቆጣጠር 134 ፈረሱላ። ለአይሱዙ መግዣ ካጠራቀምኩት አብዛኛው እዚያ ገባ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። የቤት ኪራይ አጥተን እቃችን ደጅ ሲወጣ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ነገ ባይኖርህስ?» የሚል ድምፅ ውስጤ ነበረ። ስበላም፣ ስጸልይም፣ ባንክ ደብተሬን ሳይም። ሀብት በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ያን ሌሊት ቁጥሩን ጽፌ «ጌታ ሆይ፣ ይህ የእኔ አይደለም» ስል ድምፁ ዝም አለ። እውነቴን ነው፤ ዝም አለ። ባለቤቴን ቀና ብዬ አየኋት። ስምንት ወር በእንቅልፍ እጦት ዓይኗ ጎድጉዷል። ይህንንም አላየሁም ነበር።

ታኅሣሥንና ጥርን ከወረዳ ወረዳ ስዞር አሳለፍኩ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ እኔ አቅሜ በዘንድሮው ዋጋ ለመመለስ ነው የቻለው። መዝገቡ ላይ 63 ሰዎች ነበሩ፤ 52ቱን አገኘሁ። የሁለቱን ለልጆቻቸው ሰጠሁ፤ እነሱ አርፈዋል። ሁሉም በደስታ አልተቀበለኝም። አንዱ በልጆቹ ፊት «እንደምትሰርቀን እናውቅ ነበር፤ የት ሄደን እንሽጥ ብለን ነው» አለኝ። ይህን ሰው ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ይቅር ያለኝ ግን አይመስለኝም። መብቱ ነው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼም ገበያ አበላሸህብን ብለው ሰላምታ ነስተውኛል።

ወደ አዛውንቱ ዘንድ ልጄን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ስቀው ነገሩኝ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የእሳቸው ነው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ብሩን ሳይቆጥሩ ከጎናቸው አስቀመጡት። ከዚያ ልጄን ጠርተው ጭንቅላቷ ላይ እጃቸውን ጭነው «ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ» አሏት፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ ማለት ነው። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። ከራሳቸው ጓሮ የተለቀመ ቡና ነው። ስንት ዓመት ጀንፈል ስገዛ ኖሬ፣ አንድም ገበሬ ቤት ቁጭ ብዬ ቡና ጠጥቼ አላውቅም ነበር። ሦስተኛውን ጠጥተን ነው የተነሳነው።

ጌታ እጥፍ አድርጎ መለሰልኝ እንድል የሚጠብቅ ካለ፣ አልመለሰልኝም። መኪናውን አልገዛሁም። ዘንድሮ የገዛሁት ቡና ካምናው ያነሰ ነው። ጠዋት መጋዘን ስከፍት ባዶ ጆንያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ለተሰለፈው ሁሉ አሳያለሁ፤ የሚቀነሰው እሱ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ብድር ጠያቂ ይመጣል፤ ፈተናው እዚያ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጸልዩልኝ።

አንድ ጸሎት ደግሞ እለምናችኋለሁ። ያላገኘኋቸው 11 ሰዎች አሉ። ያላገኘኋቸው ጠፍተው አይደለም፤ ያኔ ስማቸውን ስላልጻፍኩ ነው። መዝገቤ ላይ ያሉት እንዲህ ሆነው ነው፦ የሰቃዋ ሴትዮ፣ 3 ጆንያ። ባለ ነጭ ጥምጣሙ፣ 5 ጆንያ። እያነከሰ የሚመጣው፣ 2 ጆንያ። ከእናቱ ጋር የመጣው ልጅ፣ 1 ጆንያ። የሌሎቹም እንደዚሁ ነው። ገንዘባቸው በፖስታ ተለይቶ ባለቤቴ ዘንድ ተቀምጧል። ማታ ማታ ስንጸልይ፣ ስም ስለሌለን፣ በዚሁ አጠራር እየጠራናቸው ነው።