የአክስቴ የበዓል ቀሚስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላምና በጤና አደረሳችሁ። በወልድያ፣ በመርሳ፣ በላስታ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ያላችሁ፤ ከቀያችሁ ርቃችሁ በጅዳ፣ በቤይሩትና በዋሽንግተን በዓሉን በስልክ የምታከብሩ፤ በዓሉን ከእኛ እኩል የምትጠብቁት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

አክስቴ ትናንት ከሐብሩ መጥታለች። እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ በአንድ እጇ፣ አንድ ፌስታል በብብቷ ይዛ ከመርሳ ሚኒባስ ወረደች። ዶሮውን ወዲያው ለልጆቹ ሰጠች፤ ፌስታሉን ግን ማንም እንዲቀበላት አልፈቀደችም። ውስጡ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለልደትና ለፋሲካ ብቻ የምትለብሰው ቀሚስ ነው፤ በነጭ መደብ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበባ ያለበት ተራ የጨርቅ ቀሚስ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ብብቱ ሥር ሁለት ጊዜ ተጥፏል፤ አንገቱ አካባቢ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። ጥልፍ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ገዝተንላት እናውቃለን። መርቃ ተቀበለችን፤ ለሠርግ ለብሳዋለች። ለበዓል ግን ያንኑ ነው የምትለብሰው።

ዘንድሮ የቀሚሱን ታሪክ እንድጽፍ ፈቃዷን ጠየቅኋት። «ጻፊው። እኔ የማፍርበት ዘመን አልፏል» አለችኝ።

በ1986 ዓ.ም. መጀመሪያ አክስቴ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ አራት ቀን አማጠች። ሴቶቹ በዙሪያዋ ተቀምጠው «ማርያም ማርያም» ሲሉ፣ ከአጥር ወዲያ ዱበርቲዎቹ፣ ሙስሊሞቹ የዱዓ እናቶች፣ ቡና አፍልተው፣ ዕጣን አጭሰው ዱዓ ሲያደርጉላት ሁለት ቀን ነጋ፣ መሸ። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ቅሬ፣ ማለትም ዕድሩ፣ ተጠራ። ክርስቲያኑም እስላሙም ቃሬዛውን እየተቀባበለ ቁልቁለቱን ወደ መርሳ አወረዳት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ሐኪም ዘንድ አደረሷት። ልጁ ሞቶ ወጣ። እሷ ተርፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሳምንቱ ግን መኝታዋ መድረቅ እንቢ አለ።

እኔ አዋላጅ ነኝና ነገሩን በግልጽ ልናገር። የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ለቀናት ሲቆይ፣ በመካከል የተጨመቀው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ያ የሞተ ሥጋ ሲወድቅ በሽንት ፊኛና በወሊድ መተላለፊያው መካከል ቀዳዳ ይተዋል። ሽንት ቀንም ሌሊትም ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። ፌስቱላ ይህ ነው። እርግማን አይደለም፤ የዛር ቁጣም፣ የመንፈስ ቅጣትም አይደለም። በጊዜ ያልደረሰ አዋላጅና በጊዜ ያልተደረገ ቀዶ ሕክምና ውጤት ነው። በኒውዮርክ ከተማ እንኳን እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሴቶች የሚታከሙበት ሆስፒታል ነበር። በሽታው ከዚያ የጠፋው የዚያ አገር ሴቶች ከእኛ የተለዩ ሆነው አይደለም፤ ሐኪም አጠገባቸው ስለደረሰ ነው።

ባሏ ወደ እናቷ ቤት መለሳት። እናቷም፣ ማለትም አያቴ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዳታፍር ብላ ጓሮ ካለችው የጥጃ ጎጆ አስተኛቻት። አያቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። መንገደኛ በሯን ሲያንኳኳ እግሩን አጥባ፣ ያላትን አቅርባ፣ መደቧን ለቅቃ የምታሳድር ሴት ነበረች። ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል ደስ ይለኛል፤ እውነትም ነው፤ አድጌበታለሁ። ነገር ግን በዚያው ቤት፣ ለማያውቁት መንገደኛ መደብ በሚለቀቅበት ቤት፣ የገዛ ልጅ ጓሮ ተኝታለች። ይህን ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ለባዕድ ያልነፈግነውን ለራሳችን ልጅ ነፍገን ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የጤና ረዳት ለአያቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ በሽታ ብቻ የተሠራ ሆስፒታል እንዳለ፣ ገንዘብም እንደማያስከፍል ነገራት። ቅሬው ለመሳፈሪያ አዋጣ። ከመርሳ አዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ ታድሮ የሚደረስበት። አውቶቡሱ ውስጥ ሰዎች መስኮት እየከፈቱ ዞር ብለው ሲያዩአት፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ሁለት ቀን ተጓዘች።

የሆስፒታሉ መሥራቾች ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። ካትሪን የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ጥር ወር ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ሕክምና የተማሩትም እዚያው ነው። በ1951 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የመጡት በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አንብበው ነበር። ሥራው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ሲሆን ውሉም የሦስት ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት ፌስቱላ ያለባት ሴት በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ በአገራቸው ከመማሪያ መጽሐፍ ያለፈ ነገር አልነበረም። እዚህ ግን ሴቶቹ በእግርም በቃሬዛም እየተጎተቱ መጡ። ዶክተር ሬጂናልድ «የፌስቱላ ተሳላሚዎች» ይሏቸው ነበር። ሰሞኑን በወልድያ በኩል ወደ ላሊበላ የሚያልፈውን ሕዝብ፣ ዱላውንና ስንቁን ይዞ ባዶ እግሩን ገደሉን የሚወጣውን ለሚያይ፣ ስያሜው ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ይገባዋል። እነዚያም ተስፋ ብቻ ሰንቀው የሚሄዱ ነበሩ።

ሆስፒታሉን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ አገሩ በአብዮት በሚናወጥበት ዓመት። ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፤ ቀይ ሽብር አለፈ፣ የ77ቱ ረሃብ አለፈ፣ ደርግም ወደቀ። እነሱ ቀዶ ሕክምና ክፍላቸውን ዘግተው አልሄዱም። የሦስት ዓመቱ ውል ማንም ሳያድሰው ሠላሳ ዓመት አለፈው።

በ1985 ዓ.ም. ክረምት ዶክተር ሬጂናልድ አረፉ። ካትሪን ያኔ 69 ዓመታቸው ነው። ተሰናብተው ወደ ሲድኒ ቢመለሱ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ዕድሜያቸውም፣ ሐዘናቸውም፣ የሠሩት ሥራም በቂ ምክንያት ነበር። እሳቸው ቀሩ። የአክስቴ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እሷ በአውቶቡስ ያን መንገድ ስትጓዝ ካትሪን ባላቸውን ካጡ ገና ዓመት አልሞላም። አክስቴ የደረሰችው በዚያች ለመሄድ ሁሉ ነገር በሚገፋፋ ዓመት ውስጥ ነው። በሩ ተዘግቶ ልታገኘው ትችል ነበር።

ስለ ሆስፒታሉ ስትናገር አክስቴ ከሁሉ አስቀድማ የምታነሳው ቀዶ ሕክምናውን አይደለም። ብርድ ልብሶቹን ነው። በየአልጋው ላይ ከቀይ፣ ከብጫ፣ ከአረንጓዴ ሱፍ በእጅ የተሠሩ፣ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች የተገጣጠሙባቸው ብርድ ልብሶች ነበሩ። አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ሴቶች እየሠሩ ይልኩ ነበርና። «የማላውቃት ሴት ለእኔ ቁጭ ብላ ሠራችው» ትላለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አፍንጫውን አልያዘባትም፤ ሁሉም እንደ እሷ ነበሩና። እጇን ይዛ ወደ ቀዶ ሕክምናው ያስገባቻት ረዳትም ራሷ ቀደም ብላ እዚያው የታከመች ሴት ነበረች። ረጅሟን ነጭ ሴት፣ ካትሪንን፣ «እማዬ» ይሏት ነበር፤ አክስቴም እስከ ዛሬ ስሟን በዚሁ ነው የምትጠራው። ያኔ ሌላ ስም አታውቅላትም ነበር። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ዳስሳታለች። ከወራት በኋላ እግሯን የነካት ሰው እሷ ነበረች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ሳምንት በቱቦ ተኛች። ቱቦው በወጣ ማግሥት ማለዳ አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችው። ደረቅ ነበር። እንደገና ዳበሰችው። ጎኗ ያለችውን የአርሲ ልጅ ቀስቅሳ እሷም እንድትዳብሰው አደረገች።

ሆስፒታሉ ድና ለምትወጣ ሴት አዲስ ቀሚስ ይሰጣል። ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚስ ይህ ነው። በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው አልነበረም። መርሳ ላይ ስትወርድ አያቴ ቀሚሱን አይታ ልጇን አላወቀቻትም ይባላል። እኔ ግን ያላወቀቻት ቀና ብላ ስለሄደች ይመስለኛል።

ስለ ካትሪን ሲጻፍ የሽልማታቸው ዝርዝር ይቀድማል። ለኖቤል የሰላም ሽልማት መታጨታቸው፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት መቀበላቸው ይነገራል፤ የሚገባቸውም ነው። በሕክምናው የዳኑት ሴቶች ቁጥር ከ60,000 በላይ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሙያውን ለራሳቸው አለመያዛቸው ነው። ማሚቱ ጋሼ የሚባሉትን አስቡ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ታመው የገቡ፣ የቀለም ትምህርት ያልነበራቸው የገጠር ልጅ ነበሩ። ከአልጋ ማንጠፍ ጀምረው፣ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ከሐምሊኖቹ አጠገብ እየቆሙ ተምረው፣ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር የሚያሠለጥኑ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። መጽዋች ብዙ አለ። የራሱን ቢላ ለታማሚው አስጨብጦ «አንቺም ትችያለሽ» የሚል ግን ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ሰሞን ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የመጡ ሴት ልጆችን ያስተምራል፤ ሲመረቁም ወደየመጡበት አካባቢ ይመለሳሉ። ካትሪን ኢትዮጵያ የመጡበትን የመጀመሪያ ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መልሰው ያዙት ማለት ነው፤ ያኔ የተቋቋመው ትምህርት ቤት ጥቂቶችን አስመርቆ ተዘግቶ ነበርና። እኔ የዚያ ኮሌጅ ተማሪ አይደለሁም። ሥራው ግን አንድ ነው። ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ ፓርቶግራፍ የሚባለውን ወረቀት እናወጣለን፤ የፅንሱን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማህፀን በሩን መከፈት በየአራት ሰዓቱ እንመዘግባለን። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሉ፤ አንዱ የማንቂያ፣ ሁለተኛው ከአራት ሰዓት በኋላ የሚመጣው የእርምጃ መስመር። ምጡ የመጀመሪያውን መስመር ሲያልፍ አምቡላንስ እጠራለሁ። አራት ቀን የሚይዝ ወረቀት የለም። እስክሪብቶዬ ወደ መስመሩ በቀረበ ቁጥር የማስበው ያቺን የጥጃ ጎጆ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ጤና ጣቢያዎቻችን ተዘርፈው፣ አምቡላንስ ጠፍቶ፣ እናቶች እንደገና በቤት ሲያምጡ ከረሙ። ሠላሳ ዓመት የተራመድነውን በወራት ውስጥ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል ያየሁት ያኔ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ እንዳለፈ ነገር አልነግራችሁም። እርጉዝ እህት፣ ሚስት፣ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያ ካለው የእናቶች ማቆያ አድርሷት። ልጆቻችሁንም ያለ ዕድሜያቸው አትዳሯቸው።

ካትሪን ያረፉት መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በ96 ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ ገና አምስት ቀኑ ነበርና አገር ወጥቶ አልሸኛቸውም። አክስቴ በሬዲዮ ሰማች። ቀሚሱን ከበዓል ውጭ የለበሰችው ያን ቀን ብቻ ነው። ለብሳ ግቢዋ ውስጥ ተቀመጠች፤ ሰው እየመጣ ለቅሶ ደረሳት። ከወዲያኛው ሰፈር ዱበርቲዎቹም መጡ። አንድም ቀን ላላዩአት አውስትራሊያዊት ሐብሩ ላይ ቡና ተፈላ፣ ምርቃት ወረደ።

በሰው አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ይህ መልእክት በተለይ ለእናንተ ነው። የሰው ልጅ የምታሳድጉ፣ የሰው አረጋዊ የምታጥቡ፣ በሆስፒታል ሌሊት የምትቆሙ። ነገ ማለዳ በላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ ከዐለቱ ጫፍና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ በግርግም የወለደችውን እናት አስባለሁ። ብዙም ሳትቆይ ልጇን አዝላ ተሰደደች፤ በአባቶቻችን ትውፊት ሰሎሜ አብራት ነበረች። በባዕድ አገር በሠራችሁት ደግነት አንዲት የማታውቋት ሴት ዛሬ ቀና ብላ ትሄድ ይሆናል። አታውቋትም፤ እሷም ስማችሁን አታውቅም። አክስቴም የካትሪንን ስም አታውቅም ነበር።

ዛሬ ማታ ፌስታሉን ራሷ ፈታችው። የቀሚሱ ጠርዝ ተተርትሮ ነበርና እንድሰፋላት ሰጠችኝ። ነጭ ክር ከቤት ጠፋ፤ በሰማያዊ ልስፋው አልኋት። «ከአበባው ጋር ይሄዳል» አለች። ይህን የምጽፍላችሁ ሰፍቼ እንደጨረስኩ ነው። ጎተት ጎተት አድርጋ አየችው፤ አጥፋም ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ለቅዳሴው በጊዜ ቀስቅሺኝ ብላኝ ተኝታለች።