ኮዷን ለማንም አትስጡ

ዛሬም የአንድ ልጅ ቴሌግራም ተጠልፎ ባቾቹ (አብረውት የሚማሩት) በስሙ «ትንሽ ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ሲባሉ ዋሉ። በጣም ያሳዝናል፤ ቶሎ የሚልኩለት ከልብ የሚወዱት ናቸው።

መንገዱ ይኸው ነው፦ «ለውድድር ድምፅ ስጪኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል፣ ስልክ ቁጥር ያስሞላል፣ ቀጥሎ ባለ 5 አሃዝ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ የሚደርሰው ከራሱ ከቴሌግራም ስለሆነ ልጆቹ ያምኑታል፤ ኮዱን ሲሰጡ ግን ጠላፊው በእነሱ አካውንት ይገባል።

ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ገብታችሁ ከኮዱ ሌላ የሚጠየቅ ፓስወርድ አድርጉ። ኢሜይል ጨምሩበት፤ ያለሱ ፓስወርዱን የረሳችሁ ቀን ትቸገራላችሁ። ተጠልፋችሁ ከሆነ ዲቫይስስ ውስጥ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» (ሌላ ስልክ ላይ የተከፈተውን ሁሉ የሚዘጋ) የሚለውን ንኩ። አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ ስለዚህ ቶሎ ድረሱ። ብር የተጠየቀ ጓደኛም ከመላኩ በፊት በመደበኛ ስልክ ይደውል።